የሰላይ ፊልም በጋሽ አሸዋ ላይ

ቪዲዮ ቤት ያደገ የኔ ዕድሜ ሰው የፊልም መግቢያ አይቶ አያውቅም። አጫዋቹ ካሴቱን ከመክተቱ ጣቱን ማሳለፊያው ላይ ያሳርፋል፤ የተዋናዩም፣ የደራሲውም፣ የሙዚቃ ሠሪውም ስም እየተንጨረጨረ ያልፍና የመጀመሪያው ቡጢ ሊሰነዘር ሲል ይለቀዋል። ማንም አይቆጣም። ሳንቲማችንን የከፈልነው ለቡጢው ነዋ! መተማ ዮሐንስ ልጅ ሆኜ የጄምስ ቦንድን ፊልሞች እየተጋፋሁ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ሰው ቤት በመስኮት እንደገባ ልጅ፣ በሩን ሳላውቀው።

በሩን ያየሁት ጎልምሼ፣ ድንበር ተሻግሬ ሱዳን ውስጥ ከሰላ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ያሳዩኝም ተማሪዎቼ ናቸው።

ከሰላ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ለሐበሻ ልጆች እንግሊዝኛና ሒሳብ አስጠና ነበር። ክፍላችን ከአንዲት ቡና ሻጭ ቤት ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። አንድ ማራገቢያ ነበራት፤ መብራት ሲጠፋ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ነጋ ጠባ ይጠፋ ነበር፣ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን በጀበናው ጭስ መሀል እንማር ነበር። የከሰላ ቡና ያለ ዝንጅብል አይፈላም፤ ዛሬም ዝንጅብል ሲሸተኝ የሒሳብ ትምህርት ትዝ ይለኛል። በበሩ በኩል የቶቲል ተራራ ይታያል። እነዚያን ከሜዳ ላይ ቀጥ ብለው የበቀሉ ራሰ በራ ድንጋዮች ያየ ሰው ፊልም ቢያምረው አይፈረድበትም።

ከተማሪዎቼ አራቱ ፊልም አማራቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ስደተኛ ስሙ በሰው ጽሑፍ ውስጥ ሲወጣ የሚደርስበትን አውቃለሁ። በሥራቸው ልጥራቸው። ዳይሬክተሩ እዚያው ከሰላ የተወለደ፣ ዐረብኛው ከአማርኛው የሚቀድም ረዥም ልጅ ነው። ካሜራ ያዡ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነበረውና በዚያው ሥልጣኑን አገኘ። ክራር መቺው ክራሩን ከዘይት ቆርቆሮና ከፍሬን ሽቦ ራሱ ነው የሠራው። አራተኛዋ ልጅ ከሑመራ ናት። በኅዳር 2013 ከጦርነቱ ሸሽታ፣ ተከዜን ተሻግራ በሐምዳይት ገባች፤ ከዚያ ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ፣ ከዚያ አክስቷ ዘንድ ከሰላ። ዝም ትላለች፤ ስትናገር ግን ሌላው ዝም ይላል።

በዚያ ክረምት አንድ የወጣቶች ዝግጅት ነበር፤ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ፊልም ላመጣ ሁሉ በትልቅ መጋረጃ ይታይለታል ተባለ። ሌሎቹ ስለ ስደትና ስለ ንጽሕና ሊሠሩ ሲነሱ ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቀረና፣ «ቲቸር፣ እኛ የሰላይ ፊልም መግቢያ ነው የምንሠራው» አለኝ።

«ፊልሙስ?»

«ለፊልሙ ገንዘብ የለንም። መግቢያውን አሳምረን ከሠራን ተመልካቹ ፊልሙን በሆዱ ይጨርሰዋል።»

ስለ ሲኒማ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። የዚያን ዕለት ማታ አራቱም ስልኬ ላይ ተደፍተው የቦንድ ፊልሞችን መግቢያ በተራ አሳዩኝ። ያ ነጭ ክብ፣ ያ የአፈሙዝ ውስጥ ጠመዝማዛ፣ በመሀል የሚራመደው ባለ ባርኔጣ፣ ዞሮ ሲተኩስ ከላይ የሚወርደው ቀይ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄን ነው የዘለሉብኝ!

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1962 «ዶክተር ኖ» ሲወጣ ያንን መግቢያ የፈጠረው ሞሪስ ባይንደር የሚባል ሰው ነው። ሐሳቡን ለአለቆቹ ለማሳየት ጊዜ አጥሮት ጠረጴዛው ላይ ያገኛቸውን ነጫጭ የዋጋ መለጠፊያዎች ወረቀት ላይ እየለጠፈ ክቦቹን ሠራ። አፈሙዙ ደግሞ እውነተኛ የሽጉጥ አፈሙዝ ነው፤ ተራ ሌንስ ውስጡን አጥርቶ አላሳይ ሲለው በመርፌ ቀዳዳ ካሜራ ቀረፀው። የሚራመደውም ሰው ተዋናዩ ሾን ኮነሪ አይደለም። ቦብ ሲመንስ ነው፤ በአደገኛው ትዕይንት ተዋናዩን ተክቶ የሚወድቅና የሚደበደብ ሰው። እስከ ሦስተኛው ፊልም ድረስ ዓለም ሁሉ ቦንድን አየሁ ሲል ሲመንስን ነው ያየው። ኮነሪ ራሱ የገባው በ1965 ለ«ተንደርቦል» ነው፤ ያውም የስክሪኑ ስፋት ተለውጦ እንደገና መቀረፅ ስለነበረበት።

ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው የሑመራዋ ልጅ፣ «ታዲያ ሰላዩ ማን ነው? የሚታየው ነው ወይስ ስሙ የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ ግን ሥራውን በሙሉ መራው።

የማን ሰላይ ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። ዳይሬክተሩ በወንጀለኞች አለቃ ተነሣ፤ ክራር መቺው የጠፈር ሰላይ አለ። እኔ እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። አገሩ ሰላይ ሞልቶበት ሳለ ከጠፈር ማምጣት ምን ያደርጋል? ከሰላ እንኳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 ጣሊያን ገብቶባት፣ በጥር 1941 እንግሊዝ አስለቅቋት፣ በመካከሉም በዚሁ ድንበር፣ በገላባት በኩል፣ የእንግሊዙ መኮንን ሳንድፎርድና ጓዶቹ የአፄ ኃይለ ሥላሴን መልእክት ይዘው በስውር ወደ ጎጃም ተሻግረዋል። ማሞ ውድነህ «የኛ ሰው በደማስቆ»ን ወደ አማርኛ መልሶ ስንቱን አንባቢ እንቅልፍ ነስቷል፤ የኛው ሰው በገዳሪፍ ግን እስከ ዛሬ የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም። የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን ነገር ነው የምለው።

ልጆቹ አያውቁትም ነበር። ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈረደ አክሉም የሚባል የትግራይ መምህር ወደ ሱዳን ሸሽቶ ገባ፤ ከዚያ ወደ ውጭ ቴሌግራምና ደብዳቤ እየላከ ወገኖቹን ወደ እስራኤል የሚያወጣ ፈለገ። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሰው ልኮ ካርቱም ላይ አገኘው። መንገዱ እንዲህ ተከፈተ። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች በእግር፣ በሌሊት፣ በረሃውን አቋርጠው ገዳሪፍ ዙሪያ ኡም ራኩባና ተዋዋ መጠለያ የደረሱ ሰዎች ማንነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ። በመንገድና በመጠለያ አራት ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ በተባለ የባሕር ዳርቻ ጣሊያኖች ሠርተው የተዉትን መዝናኛ ተከራይቶ በሐሰተኛ ኩባንያ ስም የጠላቂዎች ሆቴል ከፈተ፤ ቀን እውነተኛ ቱሪስት ያስተናግዳል፣ ሌሊት በጭነት መኪና ከገዳሪፍ የመጡትን በጀልባ ያሻግራል። ቀጥሎ ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. «ሙሴ» በተባለው ዘመቻ ስምንት ሺህ ያህል ሰው ከካርቱም በአውሮፕላን ወጣ።

ይሄ ሁሉ የሚታወቅ ነው፤ ፊልምም ሆኗል። ኔትፍሊክስ በ2019 እ.ኤ.አ. «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ብሎ አወጣው፤ ክሪስ ኢቫንስ መሪ ተዋናይ ነው፤ የፈረደን ቦታ የሚይዘው ገጸ ባሕርይ ከበደ ተብሎ ተሰይሟል። አንድ ምሽት አብረን አየነው። ካሜራ ያዡ ስለ መብራቱ አደነቀ፤ ዳይሬክተሩ ስለ መኪናዎቹ። የሑመራዋ ልጅ ግን መሀል ላይ ስልኩን አስቁማ ጣቷን መሬቱ ላይ አሳረፈች። «ቲቸር፣ ይሄ ገዳሪፍ አይደለም። ዋልካው የታለ?»

እውነቷን ነው። የገዳሪፍ መሬት ጥቁር ነው፤ በጋ ላይ እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ጫማ ያወልቃል። ማሽላውና ሰሊጡ የሚበቅለው በዚያ ጥቁረት ነው። ፊልሙ የተቀረፀው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው፤ አሸዋው ወርቃማ ነው። አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ኡም ራኩባ መሬት ላይ አንድ ወቅት ስላሳለፈች ብቻ የሆሊዉድን መሬት ውድቅ አደረገችው። የኔ ቅሬታ ከመሬቱም ያልፋል። በመጠለያዎቹ ውስጥ ኮሚቴ የሚባሉ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ነበሩ። የሰዉን ስም በዝርዝር የያዙት፣ ገንዘብ ያከፋፈሉት፣ ለታመመ መድኃኒት ያደረሱት፣ በሌሊት «ዛሬ የናንተ ተራ ነው» እያሉ በሹክሹክታ የቀሰቀሱት እነሱ ናቸው። በተያዙ ጊዜ የተገረፉም እነሱ። ባሕር ጠላቂው ነጭ ሰው ፊልም ሲሠራለት እነሱ በጀርባ የሚያልፉ ጥላዎች ሆነው መቅረታቸው ያንገበግበኛል።

«እንግዲያው ሰላዩ ኮሚቴ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። ተወሰነ።

የተጣሉት በጠመንጃው ነው። ካለ ጠመንጃ የሰላይ መግቢያ የለም አለ ዳይሬክተሩ፤ ከእንጨት እንቀርፃለን፣ በጥላ ነው የሚታየው። ልጅቷ፣ «ጠመንጃ ካለበት እኔ የለሁበትም» አለችና ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። የሸሸችውን ስለምናውቅ ማንም ተከትሎ ሊያግባባት አልደፈረም። በማግስቱ መጣች፤ በደብተሯ ሙሉውን መግቢያ በሥዕል ከፋፍላ ሠርታው ነበር። በአፈሙዙ ፈንታ የውኃ ቱቦ። በቱቦው ውስጥ ጀላቢያ የለበሰ ሰው በአሸዋ ላይ ይራመዳል፤ መሀል ሲደርስ ዞሮ ወደኛ ያየናል፤ እጁን ወደ ደረቱ ይሰዳል፤ የሚያወጣው ግን ደብተር ነው። ይገልጠዋል። ያኔ ቀዩ ከላይ ይወርዳል፤ ደም ሳይሆን ባሕሩ ነው፣ ቀይ ባሕር፤ በዚያ ቀይ ላይ ከደብተሩ ስሞች እየተነሡ ይንሳፈፋሉ። የፊልሙ ስም «ዝርዝር»።

ዳይሬክተሩ ሥዕሉን ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠመንጃ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም።

የፊልሙ ሥራ ተጀመረ። ነጫጭ ክቦቹን ልክ እንደ ባይንደር ከሱቅ በተገዛ የዋጋ መለጠፊያ ጥቁር ካርቶን ላይ ሠሯቸው። ለቀዩ ከርከዴ በደንብ አፍልተው በመስተዋት ላይ አፈሰሱ፤ መስተዋቱን በሁለት ወንበር አጋድመው ከሥሩ በስልክ ቀረፁ። ቀጭን ሆኖ ሲወርድባቸው የቡና ሻጯ እትዬ ከዳር ሆነው ሲያዩ ቆይተው፣ «ስኳር ጨምሩበት እንጂ፣ ያለ ስኳር መች ይወፍራል!» አሉ። ስኳር ሲገባበት ከርከዴው እየተጎተተ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሀሉ እየበራ ወረደ። ከዚያ የተሻለ ቀይ በየትኛውም ፊልም አላየሁም። ለሙዚቃው ክራር መቺው ትዝታን ሞከረ፣ ባቲን ሞከረ፤ በመጨረሻ በአንቺ ሆዬ ላይ ረጋ። ትክክል ነው። አንቺ ሆዬ ላይ አንድ የማይመች ቅርበት አለ፣ ሰው ከኋላ እየተከተለህ እንደሆነ ያስጠረጥራል።

የገዳሪፍን ጥቁር መሬት ማስገባት የግድ ነበር፤ ልጆቹ ግን ከከሰላ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር፣ ፈቃዱም አይገኝም ነበር። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነበረኝና ገዳሪፍ በአውቶቡስ ሄድኩ። ዋልካውን ከከተማ ውጭ ቀረፅኩ፤ ስንጥቁን፣ በስንጥቁ ውስጥ የደረቀውን የማሽላ አገዳ። ስመለስ የከተማውን ታላላቅ የእህል ጎተራዎች አየሁ፤ በምሽት ብርሃን ልክ እንደ ምሽግ ቆመዋል። ስልኬን ሳነሣ አንድ እጅ ከኋላዬ ያዘኝ።

የሄድንበትን ጽሕፈት ቤት ስም አልጠራም። የተቀመጠው ሰው፣ «ለምንድን ነው ጎተራ የምትቀርፀው?» አለኝ። ለፊልም ነው አልኩ። ምን ዓይነት ፊልም? ዐረብኛዬ ሰላይ የሚለው ላይ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ስለ ተማሪዎቹና ስለ መግቢያው ልጨምር ስል ከዳኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስልኬን ወሰዱ፣ ቦርሳዬን ገለበጡ፤ የልጅቷ የሥዕል ደብተር ወጣ። ሰውየው ገጽ በገጽ አገላበጠው፤ ቱቦው፣ ጀላቢያው፣ የሚንሳፈፉት ስሞች። ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሰና እንደገና አየው። «ከዚህ በኋላስ?» አለኝ። ምን ከዚህ በኋላ? «ሰውየው ያመልጣል?»

አላለቀም አልኩት። መግቢያው ብቻ ነው።

ተበሳጨ። እውነተኛ ንዴት ነበር፤ ታሪክ በመሀል የተቆረጠበት ሰው ንዴት። የጎተራውን ፎቶዎች ሁሉ አጠፋ፣ ዋልካውን ተወልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ለቀቀኝ። ዳይሬክተሩ ስለ መግቢያና ስለ ተመልካች የተናገረው ነገር ገዳሪፍ ላይ በአንድ መርማሪ ተረጋገጠ።

ያን ሌሊት ያደርኩት በሰሊጥ ንግድ በኖሩ አንድ አባት ቤት ነው። ነገሩን ስነግራቸው እሳቸው ያወሩልኝ ጀመር። በቤተ እስራኤሎቹ ጊዜ ወጣት ነበሩ፣ በተዋዋ አጠገብ ይኖሩ ነበር። «ማታ አብረውን የበሉ ሰዎች ጠዋት የሉም። ሞተው ይሆን ብለን መቃብር ቦታ ድረስ ሄደን የፈለግን አለን» አሉኝ። ዝርዝሩን የያዘውን ሰው ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሁሉንም አውቅ ነበር። የሱን ሥራ ግን አላወቅሁም» አሉ።

ዋናው ቀረፃ የነበረው ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ በጋሽ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ነው። ጋሽ ከኤርትራ ደጋ መረብ ተብሎ የሚነሣው ወንዝ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በድንገት ይወርዳል፣ ከከሰላ ወዲያ ሜዳው ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። በ2003 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ሰብሮ ገብቶ ብዙ ቤት አፍርሷል። ቱቦውን በድንጋይ አደላድለን፣ ሁለት እንጨት ተክለን ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ ክራር መቺውን ጀላቢያ አልብሰን አሸዋው ላይ አስኬድነው። ከቱቦው ማዶ ትንሽ ሆኖ፣ ጥቁር ሆኖ ታየ። ዞረ። እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ።

ከዳር አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ መጮህ ጀመረ። «አልጋሽ ጃ! አልጋሽ ጃ!» ጋሽ መጣ ማለቱ ነበር። ዞር ስንል ማዕበል አይደለም የመጣው፤ ቡናማ ምላስ ነው፣ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት የማይበልጥ፣ ፊቱን አረፋና ጭራሮ እየገፋ፣ አሸዋውን ፍስስ እያሰኘ። ሮጥን። ካሜራ ያዡ አልሮጠም፤ ወደ ኋላው እየተራመደ ይቀርፅ ነበር፤ ዳይሬክተሩ በአንገቱ ይዞ ጎተተው። ዳር ስንደርስ ምላሱ ጉልበት ሆኖ ነበር፣ ጥቂት ቆይቶ ወገብ። ቱቦው ሄደ፣ አንሶላው ሄደ፣ የልጅቷ አንድ ጫማ ሄደ። ደብተሩ በክራር መቺው ደረት ውስጥ ደረቅ ሆኖ ተረፈ።

ፊልሙን ከፍታችሁ ብታዩ ሰውየው ደብተሩን ሲገልጥ ውኃው ከኋላው ይመጣል። ማንም እንዲህ አድርጎ ሊያዘጋጀው አይችልም ነበር።

የቀረው ስሞቹ ናቸው። ሮበርት ብራውንጆን ለቦንዱ ፊልም ለ«ፍሮም ራሽያ ዊዝ ላቭ» መግቢያ በ1963 እ.ኤ.አ. ስሞቹን በፕሮጀክተር በዳንሰኛ ገላ ላይ አሳርፏቸው ነበር፤ እኛም ከሠርግ አዳራሽ ፕሮጀክተር ተውሰን በልጅቷ ነጠላ ላይ አሳረፍናቸው። የመጀመሪያው ስም ፈረደ አክሉም ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው። ሁለተኛውን ለመጻፍ ሲደርሱ አራቱም ወደኔ ዞሩ። የማውቀው ስም አልነበረኝም። ዳይሬክተሩ የራሳችንን እንጻፍ አለ፤ ልጅቷ እንቢ አለች። ከፈረደ ቀጥሎ ሰባት ጊዜ ባዶ ነጠላ ብቻ ይታያል፤ ብርሃን ያርፍበታል፣ ፊደል የለበትም፣ ክራሩ ግን ስም እንዳለ አድርጎ ይመታል።

ዝግጅቱ ላይ ሲታይ መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ ሰዉ ግን አልተነሣም፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቆ ከመጀመሪያው እንዲደገም ጠየቀ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የኛም ክፍል ተዘጋ፣ ልጆቹም ተበታተኑ። ፊልሙ እኔ ዘንድ አለ፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

በዚያ ዘመን በተዋዋ፣ በኡም ራኩባ፣ በገዳሪፍ ኮሚቴ የነበራችሁ፣ ዛሬ ቤር ሼቫም ሁኑ አሽዶድ፣ ጎንደርም ሁኑ አዲስ አበባ፤ ወይም አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ እናታችሁ ያንን ዝርዝር የያዙ፣ ዕድሜ ሳይቀድማቸው ጠይቋቸውና ጻፉት። ሰባት ቦታ ክፍት ነው፤ ካነሰም እንጨምራለን።